ተፈታትቶ የቀረው ኮምፒውተር

ይድረስ ለትንሹ ልጄ፤ በሰው አገር እንደምን ከርመሃል? እኔ አለሁ፤ ወንድምህን ቀብሮ መኖር፣ መኖር ከተባለ።

የወንድምህን የጥገና ሱቅ አልዘጋሁትም። ወንድምህን በኢንተርኔት ኢንቨስትመንት ሀብታም አደርግሃለሁ ብሎ ጥሪቱን ያስበላው፣ አበሳጭቶ የገደለብኝ ያ ፓደል የሚሉት የራኬት ጨዋታ አሰልጣኝ፣ ኮምፒውተሬን ብሎ መጣ። ወንድምህ ሊጠግንለት እንደፈታታው ጠረጴዛው ላይ ነበር። «ሜዳው ድረስ አመጣልሃለሁ» አልኩት።

ብሎን ሳላስቀር በሳፋ ይዤለት ሄድኩ። ተማሪዎቹ ራኬታቸውን እንደያዙ እያዩ፣ እግሩ ሥር ዘረገፍኩት። «በል ግጠመው! መግጠም የሚያውቀውን አንተው አፈር አልብሰኸዋል» አልኩት። ሰውየው በላብ ተጠመቀ፤ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

እሱ ግን አጎንብሶ ብሎኖቹን እየለቀመ፣ «ግድ የለም እማማ፣ ትንሹ ልጅዎ ሲመጣ ይገጥምልኛል። በየቀኑ እንደዋወላለን፤ አልነገረዎትም እንዴ?» አለኝ።

ባዶ ሳፋዬን ይዤ ተመለስኩ።

ሥራ እንዴት ነው? ደህና ትበላለህ? እኔ ነገም እዚያው ሜዳ እሄዳለሁ፤ የወንድምህን ፎቶ ለተማሪዎቹ ሁሉ አድላለሁ። አንዱን ለአንተ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ስልክህን ከምታስቀምጥበት አጠገብ አቁመው፤ በጮኸ ቁጥር መጀመሪያ እሱን እየው።

ፈጣሪ አንተን እንኳ ይተውልኝ።

እናትህ