በስዕሉ መሐል ያለችው ባዶ ክብ

ለአብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ? ልጆችሽ ደህና ናቸው? እኔ ዓይኔ ከመድከሙ በቀር ደህና ነኝ፤ ለማንበብ አላነሰኝም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠፍቼብሽ ዛሬ ጤናሽን መጠየቄ ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ። ድፍረቴ ገና አላለቀም፤ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ባሌን ከቀበርኩና አንቺም ከሆስፒታሉ የነርስነት ሥራሽ ከተባረርሽ ወዲህ ስለ ጀርም ያልተዋስኩት መጽሐፍ የለም። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ "እትዬ፣ በዚህ አያያዝዎ እኔንም ሳያክሙኝ አይቀሩም" ይለኛል። ባለፈው ሳምንት እዚያው በር ላይ ማስታወቂያ አየሁ። በሽታ ከሰው ወደ ሰው የሚሄድበትን መረብ የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች ጉባኤ፣ ለሁሉም ክፍት ይላል። ከሚቀርቡት ጥናቶች አንዱ የዚያ ሆስፒታል፣ የዚያ የወንዶች ክፍል፣ የዚያ ዓመት ነበር።

ሄድኩ። ስም የምትመዘግበው ልጅ ከየትኛው ተቋም እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። "ከቤቴ" አልኳት። ሳቀችና አስገባችኝ።

አንዲት ወጣት ተመራማሪ ግድግዳው ላይ ስዕል አበራች። እያንዳንዱ ነጥብ በየአልጋው ቦታ የተቀመጠ አንድ በሽተኛ ነው፤ መስመሩ ጀርሙ ከማን ወደ ማን እንደተሻገረ ያሳያል። ያኔ ከየቁስሉ ተወስዶ የተቀመጠውን ጀርም መርምራ፣ የትኛው ከየትኛው እንደተወለደ ለይታ ነው ያገናኘችው። መሐል ላይ ግን አንዲት ባዶ ክብ ነበረች። "እዚህ ጋ መዝገብ ላይ ያልተጻፈ ሰው አለ" አለች።

ይሄኔ ያ አንቺን ያባረረሽ የሆስፒታሉ መርማሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ ከፊት ወንበር ብድግ አለ። ጸጉሩ ነጣ እንጂ ድምፁ ያው ነው። "ያለቀ ጉዳይ ነው፤ ጥፋቱ የነርሷ ነበር" አለ። ተመራማሪዋ አልደነገጠችለትም። ነርሷ እረፍት በወጣችባቸው ቀናትም ጀርሙ ይሻገር እንደነበር ነገረችው።

እጄን አወጣሁ። መድረክ መሪው "እናቴ፣ ጥያቄ ለተሳታፊዎች ብቻ ነው" አለኝ። "ተሳታፊ ነኝ፤ ስዕሉ ላይ አለሁ" አልኩት።

ከዚያ ሁሉን ተናገርኩ። እዚያ ክፍል ባሌን ሳስታምም፣ በር አጠገብ የተኙትን አስታማሚ የሌላቸውን ሽማግሌ፣ ሰው ሁሉ ሽታቸውን ሲሸሽ፣ እኔ ቁስላቸውን እንዳጠብኩላቸው፤ በዚያው ሳፋና በዚያው ጨርቅ ሌሎቹን በሽተኞችም እንዳጠብኩ፤ "የራስሽን ሰው ብቻ!" እያልሽ ስትቆጪኝ ዞር እስክትዪ እጠብቅ እንደነበር። ኮሚቴው ሲጠይቀኝ ደግሞ "ከባሌ በቀር ማንንም አልነካሁም" ብዬ እንደማልኩ። ሰብሳቢው "እማማ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ምን ያስታውሳሉ?" ቢለኝ፣ "የሳፋውን ቀለም ልንገርህ?" አልኩት። ቁጭ አለ።

ሽማግሌውን በማጠቤ አላፍርም፤ ማንም እንዲያሳፍረኝም አልፈቅድም። የማፍረው በመሐላዬ ነው። ቃሌን በጽሑፍ ሰጥቼ ፈርሜያለሁ፤ ቅጂው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለልሽ። የሥራ ፈቃድሽን ለነጠቀሽ መሥሪያ ቤት ውሰጂው። ከፈለጉ ይክሰሱኝ፤ አድራሻዬን ከሥር ጽፌላቸዋለሁ።

አሁን የቀረኝ ካንቺ ጋር ነው። ለሻይ ሲወጡ ስዕሉን ተጠግቼ አየሁት። ከባዶዋ ክብ አራት መስመር ይወጣል። ሦስቱ የሚደርሱባቸውን ሰዎች በመልክ ብቻ አስታውሳቸዋለሁ። አራተኛው የሚሄደው ወደ መስኮቱ ሥር አልጋ ነው። እዚያ ማን እንደተኛ፣ ወደ ቤታችን ሊመለስ ሁለት ቀን ሲቀረው ለምን ትኩሳት እንደያዘው፣ ለአንቺ አልነግርሽም።

አንቺ ሳፋውን አይተሽዋል። ኮሚቴው ፊት አንዲት ቃል ብትተነፍሺ ሥራሽ ይተርፍ ነበር። ዝም ስትዪ "ጥፋተኛ ብትሆን ነው" ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ እንዲያ ያለች ጓደኛ ነበርኩ። ለማን ብለሽ ዝም እንዳልሽ አሁን ገብቶኛል። በቃ፣ ከእንግዲህ አትሸፍኚልኝ። መልስ ከጻፍሽልኝም ስለዚያ አልጋ የሚያባብል ነገር እንዳትጽፊ። እችለዋለሁ።

ፈጣሪ የተነጠቅሽውን ይመልስልሽ፤ ለማየትም ዕድሜ ይስጥሽ።

አብሮ አደግሽ