ለዜና የገባ ባትሪ

ኡበይደላ፣

ናፍጣ ፍለጋ መርሳ ሄጃለሁ። ለላንድክሩዘሩ ሁለተኛ ባትሪ ገጥሜለታለሁ። አሮጌው ሞተር ማስነሻ ነው፤ እንዳትነካው! አዲሱ ለሬዲዮው ነው፤ እስኪበቃህ ዜና ስማበት።

አምና "እንሽሽ ወይስ እንቀመጥ?" እያልክ ቀኑን ሙሉ መኪናው ውስጥ ዜና ስትሰማ ባትሪውን ጨረስከው። ሽሹ ሲባል ሞተሩ እምቢ አለ። ከወልድያ ሲሪንቃ ድረስ ላንድክሩዘር እየገፋ የሸሸ ከኛ ሌላ አላየሁም። የጎረቤታችን የረሂማ አህያ እንኳ ዞር ብላ አይታን አለፈች።

ይሁን፣ አልፏል። ቂም አልያዝኩም።

አንድ ነገር ግን፦ ማሰሪያ ብረት ስላጣሁ አዲሱን ባትሪ ያሰርኩት በቀበቶህ ነው። ተኝተህ ስለነበር አላስፈቀድኩህም። እንዳትፈታው፣ ባትሪው ይወድቃል።

ዘንድሮ ሽሹ ቢባል መኪና መግፋት የለም። እጆችህ ሥራ ስለሚፈቱ ሱሪህን ይያዙልህ።

ሞላ