ከባድ ብረት ላልኩት ጡሩምባ ስለተላከልኝ

ለተከበሩ የድምፅ መሣሪያዎች መደብር ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ልጄ ቅዳሜ ከመምጣቷ በፊት የጠየቅሁትን ስፒከር ስለማግኘት

ክቡር ሆይ፤

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ከሁሉም በላይ ጆሮዎ ደኅና ነው ወይ? ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው ስለተባልኩ፣ ስብሰባ የበዛበት ሰው ጆሮው ይደክም ይሆናል ብዬ ነው መጠየቄ። ይህንን በገዛ እጄ ጽፌ በመስታወት በርዎ ላይ የምለጥፈውም ሲገቡ ሲወጡ ዓይንዎ እንዲያርፍበት ነው።

እኔ አርባ ዓመት ብረት ስቀጠቅጥ የኖርኩ፣ ሚስቴን የቀበርኩ ሽማግሌ ነኝ። አንዲት ልጅ አለችኝ። ይህች ልጅ ሄቪ ሜታል የሚባለውን፣ ጊታሩ የሚያጓራበትን፣ ከበሮው ፋታ የማይሰጥበትን ሙዚቃ ትወዳለች። እናቷ በሞተች በሳምንቱ ክፍሏን ዘግታ ስታስጮኸው፣ በሐዘን ቤት ይህ ምን የሚሉት ጭፈራ ነው ብዬ ሁለቱንም ስፒከሮቿን አውጥቼ በመዶሻ አደቀቅኳቸው። እሷም ልብሷን ሸክፋ ወጣች። ስድስት ዓመት ሆነ። ለካስ ሙዚቃውን የከፈተችው ለቅሶዋ ለእኔ እንዳይሰማ ኖሯል። ይህንን አክስቷ የነገረችኝ ገና ዘንድሮ ነው።

አሁን ልጄ ለሥራ ሩቅ አገር ልትሄድ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልትሰናበተኝ ትመጣለች። ይቅርታ መጠየቅ አላውቅበትም፤ አፌ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። ስለዚህ የሰበርኩትን ልተካ ወደ መደብርዎ መጣሁ። ምነው ያን ዕለት እግሬን በያዘኝ!

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ሻጭዎን አመሰግናለሁ። ዋሽንት ያለበት፣ እንቅልፍ የሚጠራ ዘፈን ከፍታ ስፒከር አስመረጠችኝ። ልጄ ትታው የሄደችውን ካሴት ከኪሴ አውጥቼ በዚህ ይሞከርልኝ ብል፣ ስፒከሩ ይጎዳል ብላ ከለከለችኝ። በሙዚቃ የሚጎዳ ስፒከር ለምን እንደሚሸጥ አልጠየቅኋትም፤ ጨዋ ነኝ።

2ኛ. ቴክኒሻንዎንም እንዲሁ። ዋቱ ከበዛ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው ሲል አስተማረኝ። እኔ ግን ያንን ካሴት መጀመሪያ በንዴት፣ በኋላ በናፍቆት፣ በአሮጌ ቴፕ ስድስት ዓመት ሰምቼዋለሁ። ከበሮው ሁለት ሰው አንድ ብረት ላይ ሲፈራረቅ ማለት ነው፤ አንዱ መዶሻ ሳይነሣ ሌላው ያርፋል። ስፒከሩ እያንዳንዱን ምት ቶሎ ጀምሮ ቶሎ ካላቆመ ሁሉም ተላቁጦ ጭቃ ይሆናል። የስፒከሩ ትልቁ ሳህን ወፍራሙን ድምፅ ሳያንተከትክ፣ ትንሹ ቀጭኑን ጆሮ ሳይወጋ ማውጣት አለበት። ይህንን ስነግረው ሳቀ። ስለ ሳቁ አመሰግናለሁ፤ እኔ ዘንድ ሳቅ ከጠፋ ቆይቷል።

3ኛ. ስለ ዕቃ ማዘዣው ቅጽ። ሻጭዎ ልሙላልዎት ብላኝ ነበር፤ እጄ ይሠራል ብዬ ራሴ ሞላሁ። ለምን አገልግሎት ይላል። ሄቪ ሜታል በእኛ ቋንቋ ከባድ ብረት ማለት መሆኑን ልጄ ነግራኝ ነበርና «ለከባድ ብረት» ብዬ ጻፍኩ። ሙዚቃ የሚለውን ልጨምር ስል መስመሩ አለቀ፤ የእኔ ፊደል ሰፊ ቦታ ይይዛል። የእርስዎ ሰዎች ጽሑፉን አይተው፣ እጄ ላይ ያለውን የእሳት ጠባሳ አይተው፣ ለብረታ ብረት ፋብሪካ ግቢ የሚሆን፣ ምሰሶ ላይ የሚሰቀል፣ ማስታወቂያ የሚነገርበት ሁለት የድምፅ ማጉያ ጡሩምባ ላኩልኝ። ይህን ያህል ስላሰቡልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

4ኛ. ጡሩምባዎቹን ሞከርኳቸው። ከበሮው ባዶ ቆርቆሮ ላይ እንደሚረግፍ ጠጠር ሆነ። ጎረቤቶቼ ስብሰባ የተጠራ መስሏቸው ወንበር ይዘው ወጡ። አንዷማ ውኃ የሚመጣው በስንት ሰዓት ነው ብላ ጡሩምባውን ጠየቀችው። እርስዎ ስብሰባ ስለሚወዱ ቢኖሩ ደስ ይልዎ ነበር።

5ኛ. ልመልስ ብመጣ፣ ዕቃ የሚለወጠው «ማንበብና መጻፍ ስለማልችል ተሳስቼ ነው» የሚል ወረቀት ላይ በጣቴ ከፈረምኩ ብቻ እንደሆነ ተነገረኝ። ወረቀቱ በእርስዎ ትእዛዝ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። በሃምሳ ዓመቴ ከልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ጣቴን ቀለም ነክቶት አያውቅም። ወረቀቱን ትቼ ወጣሁ። ይኸው ዛሬ ረቡዕ ነው።

ክቡር ሆይ፤ ሁለት ሌሊት አሰብኩበት። ልጄ መጥታ እነዚያን ጡሩምባዎች ብታይ፣ የቀለድኩባት ይመስላታል። ሌላ ቅዳሜ ደግሞ የለኝም። ስለዚህ ወረቀትዎን ይላኩ፤ እፈርማለሁ። አውራ ጣት ካላችሁ አውራ ጣት፣ አሥሩንም ካላችሁ አሥሩንም ቀለም ውስጥ እነክራለሁ። ስፒከሮቹ ብቻ ዓርብ ቤቴ ይግቡልኝ።

ወገቤ እስከታጠፈልኝ ድረስ ጎንበስ ብዬ፣ ቆቤን በሁለት እጄ ይዤ፣ መልስዎን ከደጅ ቆሜ የምጠብቅ
የልጅቷ አባት፣ ብረት ቀጥቃጩ

ግልባጭ፦
በዚህ በር ለሚያልፍ ለሚያገድም ሁሉ

ማስታወሻ፦ ያዘጋጁልኝን ወረቀት ከመውጣቴ በፊት አንብቤዋለሁ። ሁለተኛው መስመር ላይ «ስለማልችል» የሚለው «ስለማችል» ተብሎ ተጽፏል። «ል»ን አስገብተው ይላኩልኝ፤ አለመቻሌን ስፈርም እንኳ በትክክል ልፈርም።