በእናቴ ስም ስለተከፈተው የማኅደሩ በር

ለተከበሩ አቶ አጵሎስ ሀንዲሶ
የአፍ ታሪክ ድምፅ ማኅደር ኃላፊ
ሆሳዕና

ክቡር ሆይ፣ ይህ ግልጽ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በሙሉ ጤና፣ የቢሮዎንም ኮምፒዩተሮች ቢያንስ በሕይወት እንዲያገኛቸው ከልብ እመኛለሁ። እኔ አንጋጫ የማስተምር፣ የወይዘሮ አሰገደች ልጅ ገነቴ ነኝ። እናቴ በከምባትኛ ተረት ስትጀምር ጎረቤት ሥራውን ትቶ የሚሰበሰብላት ሴት እንደነበረች ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ ሆሳዕና ድረስ አስመጥተው ድምፅዋን የቀዱት ስለዚሁ ነውና።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ላቅርብ። እናቴ ባረፈች ጊዜ መላ ሠራተኛዎን አስከትለው አንጋጫ ድረስ መጥተው፣ ሦስቱንም ቀን ከለቅሶው ድንኳን ሳይለዩ አብረውን ተቀምጠዋል። ሥራ እንዳይበደል፣ ለቀስተኛም እንዳይጎድል አስበው፣ የማኅደሩ ዋና ኮምፒዩተር በኢንተርኔት ከየትም ሆኖ እንዲከፈት አድርገው ነበር የመጡት። የይለፍ ቃሉንም ሠራተኛው እንዳይረሳው በማለት የእናቴን ስም አደረጉት፤ ከኋላው አንድ ሁለት ሦስትን ብቻ ጨመሩ። ከዚያም በለቅሶው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ፣ ከፎቶዋ ሥር፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ከሚለው መልእክት ቀጥሎ ለጠፉት። በዚያ ግሩፕ ከሺንሺቾ እስከ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ፣ የዘመድ ወዳጅ፣ ማን እንዳስገባው የማናውቀው ሰው ሁሉ ነበረበት። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን ስሟን እዚያ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር።

ከለቅሶው ተመልሳችሁ ቢሮ ስትገቡ የጠበቃችሁን አገር ሰምቶታል። ማኅደሩ ውስጥ ያለው ድምፅ በሙሉ በማናውቃቸው ሰዎች ተቆልፎ፣ ለመክፈቻው ክፍያ የሚጠይቅ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ተሰቅሎ ነበር። የመጣው ባለሙያ ማሽን የይለፍ ቃሉን ገምቶት ይሁን አንድ ሰው ከግሩፑ አንብቦት መለየት አልቻለም። ለእኔ ልዩነት የለውም፤ በእናቴ ስም ገብተው የእናቴን ድምፅ ዘጉት። እንግዲህ ከታላቅ አክብሮት ጋር ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ከሩቅ የሚገባ ሠራተኛ መጀመሪያ በቪፒኤን፣ ማለትም ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ብቻ በተከለለ መንገድ፣ ማለፍ እንደነበረበት ባለሙያው ነግሮናል። እርስዎ ግን በሩን አውራ ጎዳና ላይ አቆሙት። ከይለፍ ቃሉ ቀጥሎ በስልክ የሚመጣ ሁለተኛ ማረጋገጫ አለመጠየቅዎንም እረዳለሁ፤ ደጅ የቆመን እንግዳ ደግመህ ማንነትህን አስረዳኝ ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ደጋግሞ የተሳሳተን የሚያግደውን ቅንብር ያስጠፉት ደግሞ ከሒሳብ ክፍል ወይዘሮ አዜብ በስልክ ስትጽፍ እየተሳሳተች ስለተቸገረች ነው አሉ። በእርግጥም ከዚያ ወዲያ የተቸገረ የለም፤ ሌባውም ጭምር።

2. መጠባበቂያ ቅጂ አልነበረም ብዬ ስምዎን አላጠፋም። ነበረ። ተነቅሎ ለብቻው ሊቀመጥ የሚገባው ዲስክ ግን፣ ድንኳን ውስጥ ሆናችሁ እንድትከፍቱት ተብሎ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተሰክቶ ቀረ፤ ዋናውና መጠባበቂያው አብረው ተቆለፉ።

3. እናቴ በሕይወት ሳለች ቅጂ እንዲሰጠን ስንት ጊዜ ደጅ ጠናሁ። ማኅደሩ በክቡራን እንግዶች ፊት ሲመረቅ በሥነ ሥርዓት እንደሚሰጠን ገለጹልኝ። በፍላሽ ቀድቶ ዝም ብሎ መስጠት ለእናቴ ክብር እንደማይመጥን ስላሰቡልን አመሰግናለሁ፤ ክብሯ ሳይነካ ድምፅዋ ጠፋ።

አራተኛውን በቁጥር ማስገባት አልቻልኩም። በቀረጻው ዕለት እናቴ የጅቡንና የጥንቸሏን ተረት ስታወራ እኔ ከመስታወቱ ወዲያ ቆሜ ነበር። የዚያን ተረት መጨረሻ በነገረችን ቁጥር ትለዋውጠዋለች። ክፍሉ ድምፅ ስለማያሳልፍ፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ፣ ከዚያም እያሳቃት እጇን አፏ ላይ ስትጭን አየሁ እንጂ አልሰማሁም። ስትወጣ ዛሬ እንዴት ጨረስሽው ብዬ ብጠይቃት፣ ከማኅደሩ ትሰሚዋለሽ ብላ አሾፈችብኝ። ከዚያ በኋላ ብለምናትም አልነገረችኝም። እኔም ቅጂው ይመጣል ብዬ ተውኩት። ክቡር ሆይ፣ ያሳቃት ምን እንደሆነ ሳላውቅ ልቀር ነው፤ ይህን ሳስበው እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። ልቆጣዎት እጀምርና፣ ሬሳው ሲወጣ ክንዴን ይዘው ያለቀሱት ትዝ ይሉኛል። ክፉ ሰው ቢሆኑልኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እናቴን ለመቅበር ብለው በሩን ከፈቱ፤ በዚያው በር እናቴን ለሁለተኛ ጊዜ ቀበርናት፣ በዚህኛው ቀን ግን ድንኳን የተከለልን የለም።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከቀበርናት ወዲህ የቢሮዎን ደጅ መጥናት ያልተወችው፣ እርስዎንም ማክበር ያላቆመችው፣
ገነቴ፣ የአሰገደች ልጅ
አንጋጫ

ግልባጭ፦ ቁልፉን ለያዙት፣ አድራሻቸውን ለማላውቃቸው ሰዎች

ማሳሰቢያ፦ ኮምፒዩተሩ ጸድቶ ዳግም ሥራ መጀመሩን ሰምቼ፣ ይህን ደብዳቤ ከማውጣቴ በፊት የይለፍ ቃሉን በግሩፑ ላይ እንደለጠፉት አድርጌ ከስልኬ ሞከርኩት። የእናቴ ስም አሁንም ይከፍተዋል። ውስጡ ገብቼ ፈለግኋት፤ የለችም። ድምፅዋን መመለስ ካልቻሉ፣ እባክዎ ስሟን እንኳ ይመልሱልን።