አባባ «ሰጡን» ነው ያሉት

ለወንድሜ ለዘርዓብሩክ ከተማ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ወይኒስ? ልጆቹስ? የጆሃንስበርግ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? ጤናችሁን አምላክ ይጠብቅ። እኛም ደኅና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ደኅና አይደለንም፤ ያንተው ሥራ ነው።

አባባ በጽሕፈት መኪናቸው ስንት ዓመት የለፉበትን የሕይወት ታሪካቸውን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቼ ስልክልህ ምን ብዬህ ነበር? ከመታተሙ በፊት እኔ ከዋናው ጋር ላመሳክረው አላልኩህም? አንተ ግን «ኮምፒውተሬ ላይ የጫንኩት ፕሮግራም ፊደሉን ራሱ ያነበዋል፤ አንቺ የድሮ ሰው ነሽ» ብለህ ሳቅህብኝ። ያነበበውን አንዴ እንኳ ሳታየው በቀጥታ ለማተሚያ ቤት ላክኸው።

አቶ ኑሪ በቀይ ሽብር ጊዜ አባባንና አጎታችን በርሄን አትክልት ተራ መጋዘናቸው ውስጥ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጀርባ ደብቀው እንዳተረፏቸው ስንሰማ ነው ያደግነው። መጽሐፉን እቤት ስንመርቅ ልጃቸው ፊርደውስ መጣች። የአባቷን ስም ፈልጋ አገኘችና ደስ ብሏት ለሰው ሁሉ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች፤ «በዚያ ክፉ ቀን አቶ ኑሪ መጠጊያ ሸጡን።» ያነበበችውን ደግማ አየችው። «በነፍሳችሁም ነግዷል በሉኛ!» ብላ መጽሐፉን አስቀምጣ ወጣች።

አባባ «ሰጡን» ነው ያሉት! የመኪናው ቀለም «ሰ» አናት ላይ ተለድፎ ኖሮ፣ ያንተ ፕሮግራም እድፉን ጭረት ነው ብሎ «ሸ» አደረገው። ሰው ቢያየው ኖሮ እንዲህ ያለ ነገር እንደማይባል ያውቅ ነበር።

አባባ ዋናውን ገጽ ይዘው ሄደው አሳዩዋት። «እኔስ አመንኩዎት፤ ገበያውን ማን ያሳምንልኛል?» አለቻቸው። እውነቷን ነው። አንተው ለአትክልት ተራ ነጋዴ ሁሉ በነጻ አስበትነኸዋል። አሁን በወንድሟ በአቡበከር መደብር ያለፈ ሁሉ «መጠጊያ ኪሎው ስንት ነው?» ይለዋል። ባለፈው አንዱን መትቶ ጣቢያ አሳደሩት። አባባም በዚያ ጉልበታቸው ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ፣ ያችን ጭረት በምላጭ ይፍቃሉ። ግማሹ ሰው መጽሐፉን ደብቆ ጠፋብኝ ይላቸዋል፤ ቀልዱን ወዶታላ!

አንተ ደግሞ በስልክ «አንዲት ጭረት እኮ ናት፣ በሁለተኛው እትም አስተካክላታለሁ» ትለኛለህ። ሁለተኛ እትም ይቅርብን። ለአቡበከር ደውልና ያጠፋሁት እኔ ነኝ በለው። ለገበያው የሚነበበውንም ጽፈህ፣ ስምህን ከነአባትህ አስቀምጠህ ላክ። በእጅህ ጻፈው፤ ያ ፕሮግራም እንዳይነካው።

ለወይኒና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ እነሱ ምን አጠፉ። እማዬ ልጄን በዓይኔ ልየው ትላለች። ባለቤቴ ሚኪያስም ሰላም ብሎሃል። አባባን «ለዘርዓብሩክ ምን ልበልልዎ?» ብዬ ደጋግሜ ጠየቅኋቸው። ምላጫቸውን ይዘው ወደ ገበያ ወጡ። እኔም ያላሉትን አልጽፍም።

እህትህ የሺዓለም
አፍንጮ በር፣ አዲስ አበባ
ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.