ቄስ አሳፍ የመለሷት ላም

ዌስትፎልድ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1794
የዛሬ ጠዋት፦ ጨው ሁለት በርሜል ተሸጠ፤ ሞላሰስ አንድ በርሜል ገባ፤ ቄሱ ቤት የደረሰ ማገዶ ሁለት ጋሪ ብቻ።

ለውድ ልጄ ለቃስያ፣

አንቺና ባልሽ ኦባድያ እንዴት ከረማችሁ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን ምንም አልሆነም።

ምእመኑ ለቄሱ የክረምት ማገዶ በሚያመጣበት በማገዶ ቀን ግቢያቸው በጋሪ ሲጨናነቅ ታውቂያለሽ። ዘንድሮ የመጣነው እኔና ባልቴቷ ታማር ብቻ ነን። ከተማው ቄስ አሳፍን ወደ ሕግ አውጪው ምክር ቤት የላካቸው ለቤተ ክርስቲያናችን ጥቅም እንዲቆሙ ነበር። እሳቸው ግን ተነስተው፣ «እንደ መንፈሳዊ ልጆቼ እንደ ቃስያና ኦባድያ ከእኛ ወጥቶ ባፕቲስት የሆነ ሰው ለእኔ ደመወዝ ግብር መክፈል የለበትም» አሉ። የደገፏቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ሕጉም እንዳለ ቀረ፤ ከተማው ግን አኮረፋቸው።

ዲያቆን ዛብሎን ባዶ እጁን መጥቶ አጥሩን ተደግፏል።

«መምህር፣ በገዛ ጉሮሮዎ ላይ ቆሙ እኮ! ብርዱን በምን ሊያልፉት ነው? በንግግርዎ?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠህ ሰምተኸኛል» አሉት። «ንግግሬ የሚያሞቅ ቢሆን ይኸኔ ነደህ ነበር።»

ታማር ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ከዚያ ከጋጣው ግንባረ ነጭ ላም አወጡ። አወቅኋት። ኦባድያ ግብሩን አልከፍልም ሲል ግብር ሰብሳቢዎቹ ነድተው የሸጡባችሁ ላም ናት። ቄሱ በምክር ቤት አበላቸው ከገዢዋ መልሰው ገዝተዋታል። የሰው ልብ ሚዛን ላይ አይወጣምና ዋጋ ልቆርጥለት አልደፍርም። ተሸንፎ ሳለ ከኪሱ የሚከፍል ሰው ግን ዛሬ አየሁ።

«ሕጉን ማስሻር አልቻልኩም» አሉ። «ላሟን እነ ቃስያ ዘንድ ማን ያደርስልኛል?»

«የሁለት ሳምንት መንገድ! በዚህ ብርድ የትኛው እብድ ይሄዳል?» አለ ዛብሎን።

ገመዱን ተቀበልኩ።

ኦባድያ ከዚህ ሲወጣ፣ «የዌስትፎልድ ሰው ደጄን እንዳይረግጥ» ማለቱን አልረሳሁም። ላሟ ጥፋት የለባትም፤ እሷን ያስገባት። እኔ አጥሩ ውጪ መቆየት እችላለሁ፤ ካፖርቴ ወፍራም ነው።

እግዚአብሔር ጎጇችሁን ያሙቅ፣ ማጀታችሁን ይሙላ።

አባትሽ
ኤልቃና ፔቲንግል

ነገ፦ ደብዳቤውን ቀድሞኝ እንዲደርስ ለፖስታ ፈረሰኛው መስጠት፤ የሱቁን ቁልፍ ለእናትሽ፤ ድርቆሽ መጫን፤ ላሟን ይዞ ጎህ ሲቀድ መነሳት።