እባቡ እጄን ያወቀ መስሎኝ

እህት ዓለም፣

እናቴን ላስታምም ሄጃለሁ፤ የምመለስ አይመስለኝም።
እባቡን ላንቺ ትቼዋለሁ።

ለምግቡ ያስቀመጥኳቸው በረዶ የሠሩ አይጦች ፍሪጅ ውስጥ ከሥጋሽ ሥር ናቸው፤ አትቆጪ። የአንዱን በረዶ በሙቅ ውኃ አቅልጠሽ በመቆንጠጫ ስጪው። ከበላ በኋላ ሁለት ቀን አትንኪው። ከሳጥኑ ስታወጪው መጀመሪያ አጠገቡ ባለው ዘንግ ነካ አድርጊው፤ ያለዚያ እጅሽን ምግብ ነው ብሎ ይነክሳል።

"አሠልጥኜዋለሁ" ስልሽ "እጅ ለመደ እንጂ አንቺንማ በምን ያውቅሻል!" ብለሽ ስትስቂብኝ፣ ቀናተኛ ብዬሽ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩሽ። ትናንት ቧንቧ ሊጠግን የመጣው ሠራተኛ ፈራ ተባ እያለ ቢያነሣው፣ ልክ በኔ ክንድ ላይ እንደሚያደርገው ክንዱ ላይ ተጠምጥሞ ዝም አለ።
ልክ ነበርሽ። ይቅርታ።

እሱ እንደማልናፍቀው ስላወቅሁ ትቼው መሄድ አላቃተኝም። አንቺን ግን ፊት ለፊት መሰናበት ስላልቻልኩ፣ ሥራ እስክትሄጂ ጠበቅሁ።